ድምፄ በጠፋበት ቀን የሰበክሁት ስብከት

ሰባኪ ሆኖ ድምፁን ያጣ ሰው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ እኔን ይመስላል። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ማለዳ፣ ቡሬ ከተማ በጓደኛዬ በዘውድነሽ ቤት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ "እንደምን አደርሽ" ልል አፌን ስከፍት የወጣው ነገር ዘይት ያጣ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ዓይነት ሲጥሲጥታ ነበር። ደግሜ ሞከርሁ። ሲጥሲጥታውም ቀረ።

ዘውድነሽ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ ግቢውን ከሞላው በኋላ ፊቴን አየችና አጠገቤ ቁጭ አለች። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከቡሬ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ደብር ቆሜ መስበክ አለብኝ።

በዚያ ወቅት ማን እንደነበርሁ ላስቀድም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ነበርሁ፤ አሁንም ነኝ። ከሥራ መልስ ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። የማታውን የነገረ መለኮት ትምህርት ጨርሼ የምስክር ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ከሰቀልሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። በእኛ አገር ሴቶች በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ሕፃናትን ያስተምራሉ፣ መዝሙር ይመራሉ። ከዚያ አልፎ "እገሊት ጉባኤ ልታስተምር ነው" ሲባል ግን ከንፈሩን የሚመጥ ይበዛል።

እኔ መስበክ የተማርሁት ከስልኬ ነው። የታወቁ መምህራንን ስብከት እየጫንሁ፣ የት ላይ ድምፅ ከፍ እንደሚል፣ የት ላይ ዝም ተብሎ ሕዝቡ በዓይን እንደሚቃኝ፣ የት ላይ "አሜን በሉ!" እንደሚባል አጠናሁ። ልምምዴን የማደርገው የመድኃኒት ቤቱ ጓዳ ውስጥ ነው። ጉባኤዬ ካርቶን ነበር። ስለ ካርቶን ጉባኤ የማይካድ ነገር ቢኖር ሥርዓቱ ነው፤ አያስነጥስም፣ አያዛጋም፣ ጥያቄም አይጠይቅም።

ዘውድነሽ ደግሞ የስፖርት መምህርት ናት። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች። የልጆች እናት ናት። ሜዳ ላይ ያለ ፊሽካ ተማሪዎቿን ከዳር እስከ ዳር የምትሰበስብ፣ ቡሬ ላይ ተናግራ ፍኖተ ሰላም የምትሰማ ትመስለኛለች። በሰንበት ትምህርት ቤት ብርቱ አገልጋይ ናት፤ ስበኪ ሲሏት ግን "ስጀምር አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፤ መመለሻው ይጠፋኛል" ብላ እምቢ ትላለች።

የዚያን ዕለት አብረን ያገለገልን ሦስተኛችን እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው። የፈረስ ቤት ሰው ናቸው። አባታቸው የቅኔ መምህር ስለነበሩ በልጅነታቸው ከጉባኤው ዳር ቁጭ ብለው የሰሙትን ቅኔ ለቅመው ያደጉ፣ መንኩሰው እዚያችው የገጠር ደብር የገቡ ናቸው። የደብሩን እናቶች እሑድ እሑድ ሰብስበው ያስተምራሉ። እናቶቹ ይወዷቸዋል፤ አንድም ሴት ግን እማሆይ የሚሉት ሙሉ በሙሉ ገባኝ ብላ አታውቅም። ድምፃቸው ቀጭን ነው። ንግግራቸውም ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ ቶሎ ቀልጦ ይፈስሳል፣ ወርቁን ፍለጋ ግን እናቶቹ ቤታቸው ድረስ እያሰቡ ይሄዳሉ።

እንግዲህ እማሆይ ናቸው የደብሩን አለቃ፣ አለቃ ይባቤን፣ "ለእናቶች ሴት መምህር ትምጣላቸው" ብለው የለመኑ። አለቃም አልፈቀዱም፣ አልከለከሉም። "በንግሡ ዕለት፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ አንድ ጊዜ እንሰማለን" አሉ። እማሆይ በስልክ ሲነግሩን፣

"'እንሰማለን' ማለታቸው ምን ማለት ነው እማሆይ?" አልሁ።

"እንሰማለን ማለታቸው ነው" አሉኝ። የጎጃም አለቃን ንግግር መፍታት ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ሳይፈልግ አይቀርም።

ነገሩ ግን ግልጽ ነበር። ካማረልን የእናቶች ጉባኤ በየወሩ ይቀጥላል፤ ሌሎቹም ደብሮች ያንን አይተው ይከተላሉ። ካበላሸነው "ሞክረነው ነበር እኮ" ይባላል፤ ያቺ ዐረፍተ ነገር ደግሞ በሩን ለብዙ ዘመን የምትዘጋ ቁልፍ ናት። ስለዚህ ተማከርን፤ እኔ እሰብካለሁ፣ ዘውድነሽ መዝሙር ትመራለች፣ እማሆይ ይጸልያሉ።

አሁን ወደ ድምፄ። ኅዳር ቡሬ ላይ የበርበሬ ወር ነው። በዋዜማው ማታ ዘውድነሽ ቤት ስደርስ ግቢው በሙሉ በሸራ ላይ በተሰጣ በርበሬ ቀልቷል። "አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ልለማመድ" ስላት፣ ልጆቿ እንዳይረበሹ ብላ የጓሮውን ክፍል ከፈተችልኝ። ክፍሉ የደረቀ በርበሬ በጆንያ የታጨቀበት ነበር። እኔም ለጆንያዎቹ ከ"በስመ አብ" እስከ "አሜን" ሙሉ ስብከት ሰጠሁ። እያስነጠስሁ፣ እያሳልሁ፣ እንባዬን እየጠረግሁ። በሩን ከፍታ ያየችኝ ልጇ "እማዬ፣ አክስቴ በጣም ተነክታ ታለቅሳለች" አለቻት። ሳምንቱን ሙሉ ካርቶን ላይ የጮኽሁበት ጉሮሮ፣ በላዩ ያ ተጨመረበት።

በማለዳው የማውቀውን ሁሉ ሞከርሁ። በጨው ውኃ ተጉመጠመጥሁ። ማር ላስሁ። ለሰው "በቀን ሦስት ጊዜ" እያልሁ ስሸጥ የኖርሁትን ሽሮፕ ከጠርሙሱ ጠጣሁ። ምንም የለም። ትንሽ ሹክሹክታ ብቻ ተረፈኝ።

"ደውለን እንቅር" አልኋት በዚያች ሹክሹክታ።

ዘውድነሽ ወገቧን ይዛ ቆመች። "እሺ፣ እንቅር። አለቃ ይባቤ ምን እንደሚሉ ግን ይታየኛል። 'አየሽ እማሆይ፣ እኛ ሳንከለክል ሚካኤል ራሱ ዝም አሰኛት' ይላሉ።"

ልክ ነበረች። እኔ ብቀር የሚቀረው የእኔ ስብከት ብቻ አይደለም። ጫማዬን አደረግሁ።

የባጃጁ መንገድ እስካለቀበት ድረስ በባጃጅ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። ጤፉ ታጭዶ ከየማሳው ዳር ተከምሯል፤ ነጭ የለበሰ ሰው በየቀጭኑ መንገድ ወደ ደብሩ ይፈስሳል። ከፊታችን የሚሄዱት ሴቶች ሁሉ ሸክም አላቸው። ወንዶቹ ዘንግ ይዘዋል። ያን ጊዜ ግን ልብ አላልሁትም፤ እኔ የማስበው ስለ ጉሮሮዬ ነው።

ዘውድነሽ ድንገት ቆመች። "አገኘሁት! አንቺ በጆሮዬ ንገሪኝ፣ እኔ እጮኸዋለሁ።"

"ስብከት እኮ ነው፤ የገበያ አዋጅ አይደለም።"

"አፍ ነኝ አልሁሽ፤ ሌላ ምንም አይደለሁም። ያልሽውን እላለሁ።"

"ሳትጨምሪ?"

"አንድ ቃል አልጨምርም።"

"ማይልኝ።"

"ሚካኤልን!" አለች። ያውም በበዓሉ ቀን። ምሕረቱ አይለያት።

እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጠበቁን። ጉልበታቸውን ልስም ስጎነበስ "ምነው ልጄ፣ ቃልሽን የት ጥለሽው መጣሽ?" አሉኝ።

"በርበሬ ላይ ነው እማሆይ" አለች ዘውድነሽ፤ የተስማማነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

እማሆይ መቋሚያቸውን አነሡ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። "ሙሴም ምላሱ ከባድ ነበር፤ አሮን አፍ ሆነው። እናንተ ምን አዲስ ነገር አመጣችሁ?" አሉና መንገድ መሩን።

ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ሲገባ ካህናቱና ሕዝቡ በየዛፉ ጥላ ስር ተበተኑ። የእናቶቹ ቦታ ከደጀ ሰላሙ ጀርባ ነበር፤ የካህናቱ ምሳ ከሚበስልበት አጠገብ። ሦስት ትልልቅ ድስቶች ተጥደዋል። ሴቶቹ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ መጥተው ሳሩ ላይ ተቀመጡ። ገሚሶቹ ከምድጃው ላለመራቅ ከኋላ ቆሙ። አለቃ ይባቤ ከአንዲት ጥድ ስር ወንበር አስደርገው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ከሰበካ ጉባኤው ሰዎች ጋር ተቀምጠዋል። ወደ እኛ አያዩም። ጆሯቸው ግን እኛው ዘንድ ነበር።

መዝሙሩ አለቀ። ዘውድነሽ ከፊት ቆመች፣ እኔ ከትከሻዋ ኋላ። "መምህርታችን ድምፅዋ ታሟል፤ የምትሰሙት ቃል የእርሷ ነው፣ ጩኸቱ የእኔ ነው" ብላ አስተዋወቀችኝ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

ስብከቴ ስለ ማርታና ማርያም ነበር። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ጌታችን ቤታቸው በእንግድነት ገባ፤ ማርያም ከእግሩ ስር ተቀምጣ ቃሉን ሰማች፤ ማርታ ግን በመስተንግዶ ባከነች። እኔም አዘጋጅቼ የመጣሁት ማርታን መገሠጽ ነበር። በሦስት ክፍል፣ በቅደም ተከተል፣ በቃሌ።

መጀመሪያው ደህና ሄደ። እኔ አንሾካሽካለሁ፣ ዘውድነሽ ታሰማለች። ከዚያ የሜዳ መምህርነቷ መጣባት።

"እስቲ ከመካከላችሁ ማርታ የሆነች እጇን ታውጣ!" አለች።

ይኼ ስብከቴ ውስጥ የለም። ጀርባዋን ቆነጠጥኋት። ዘግይቼ ነበር። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አወጡ፣ ቀጥሎ ሌላዋ፣ ቀጥሎ ሁሉም። የተቀመጡትም፣ ምድጃው አጠገብ የቆሙትም። ጥላሸት የነካው እጅ፣ ሊጥ የደረቀበት እጅ፣ ከሳሩ በላይ ቆመ። እንደዚያ የሳቁ እናቶች አይቼ አላውቅም።

"ተመለሺ!" አልሁ በጆሮዋ።

"'ተመለሺ' ትላለች መምህርታችን" አለች ጮክ ብላ። ሳቁ በረታ።

እኔ ተናድጃለሁ። በዚያው ንዴት የተግሣጹን ክፍል አቀበልኋት፤ ማርታ ከድስቷ ጋር ስትባክን ከቃሉ ተለየች፤ እናንተም ምድጃ ምድጃ ስትሉ ቃሉ እያመለጣችሁ ነው፤ ንስሐ ግቡ። ዘውድነሽ አለችው። ሳቁ ቆመ።

አሁን ልብ በሉልኝ። እኔ ስሰብክ ዓይኔ አዳራሹ መጨረሻ ካለው ግድግዳ ላይ ነው የሚተከለው። የሰው ፊት ካየሁ የሸመደድሁት ይጠፋኛል። ያን ዕለት ግን የምናገረው እኔ አልነበርሁምና ከዘውድነሽ ትከሻ ኋላ ሆኜ ዓይኔ ሥራ ፈትቶ ነበር። ስለዚህ የራሴ ቃል ሰው ፊት ላይ ሲያርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ከፊት የተቀመጡት አሮጊት እጃቸውን ቀስ ብለው ነጠላቸው ውስጥ ሲደብቁ አየሁ። ሌላዋም፣ ሌላዋም። አሁን በደስታ ያወጡትን ያንን እጅ እኔ አሳፈርሁት።

ከኋላ አንዲት ሴት ወደ ፊት መጣች። ረጅም ናት፤ የጎልማሳ ልጆች እናት ትመስላለች፤ ማማሰያው ከነእንፋሎቱ እጇ ላይ ነው። ጥሩወርቅ እንደምትባል በኋላ ነው ያወቅሁት።

"ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ" አለች። "መጠየቅ ይቻላል?"

"አይቻልም!" አልሁ እኔ።

"ይቻላል!" አለች አፌ።

ጥሩወርቅ ማማሰያውን በነጠላዋ ሸፈን አደረገችው። "እኔ ከተዳርሁ ጀምሮ ለዚህ ንግሥ ወጥ የምሠራ ሰው ነኝ። በየዓመቱ ትልልቅ መምህራን መጥተው ያስተምራሉ። እኔ ከምድጃው ሆኜ 'በስመ አብ' ሲባል እሰማለሁ። ደግሞ 'አሜን' ሲባል እሰማለሁ። መካከሉን አላውቀውም። ዛሬ ለእኛ ነው ብትሉን መካከሉን ልሰማ መጣሁ። መካከሉ ተግሣጽ ሆነ።" ድምፅዋ አልከረረም፤ እንግዳ እንደሚያነጋግር ሰው ለስለስ ብላ ነው። "እሺ፣ ማርታ ትቀመጥ። ያን ጊዜ ማርታ ብትቀመጥ ለጌታችን ማን ምሳ ያቀርብለት ነበር? ዛሬስ እኔ ብቀመጥ ለአለቃ ማን ያቀርብላቸዋል?"

ከጥዱ ስር የአለቃ ይባቤ ጭራ ቆመ።

ዘውድነሽ ጆሮዋን ወደ አፌ አስጠጋች። ጠበቀች። ሦስቱንም ክፍል በልቤ ገለበጥሁት፤ የጥሩወርቅ ጥያቄ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ካርቶኖቹ ይህን ጠይቀውኝ አያውቁም።

"አላውቅም" አልሁ።

ዘውድነሽ ዞራ አየችኝ። "ልበለው?"

"በይው።"

"አላውቅም አለች" አለች ወደ እናቶቹ ዞራ። ይህን አልጮኸችውም።

የሚስቁ መስሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ማንም አልሳቀም። ጥሩወርቅ ራሷን ነቀነቀች። "እኔም አላውቅ ልጄ፤ ለዚያ ነው የጠየቅሁ" አለች። ወደ ድስቷም አልተመለሰች፤ እዚያው ቆመች።

ያን ጊዜ ነው እማሆይ ከተቀመጡበት በዚያች ቀጭን ድምፃቸው፣ የቅኔ መምህር ተማሪውን እንደሚጠይቅ ዓይነት፣ "ማርታ ሌላ ቦታስ የለችም?" ያሉኝ።

ሌላ ቦታ። አሰብሁ። እውነት ነው፣ አለች! ወንድሟ አልዓዛር የሞተ ጊዜ። ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ሳነብ የምጠብቀው አልዓዛር ከመቃብር የሚወጣባትን ቦታ ስለነበር ማርታን አልፌያት ነው የምሄድ። የዘውድነሽን ትከሻ ያዝሁና በችኮላ ነገርኋት። ዓይኗ እየሰፋ ሄደ።

"ቆይ፣ ቆይ፤ ይህችው ማርታ ናት?" አለችኝ ጮክ ብላ፣ ጉባኤ ፊት መሆኗን ረስታ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

ዘውድነሽ ወደ ሴቶቹ ዞረች። እንደ ሰባኪ አልነበረም የነገረቻቸው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ወሬ እንደሚያመጣ ነው። "ስሙኝማ። ለካ ይህችው ማርታ ወንድሟ ይሞትባታል። ለቅሶኛው ቤቱን ሞልቶታል። ጌታችን እየመጣ ነው ሲባል ማርያም ከቤት ተቀምጣለች። ማርታ ግን ተነሥታ መንገድ ድረስ ሄደች። ለቅሶ ቤቱን ጥላ! 'አንተ በዚህ ብትኖር ወንድሜ ባልሞተ' አለችው። ፊት ለፊት። እሱም አልተቆጣትም፤ ቆሞ አነጋገራት። ትንሣኤና ሕይወት እርሱ መሆኑን የነገረው ለማን ነው? ለእርሷ! 'ታምኛለሽን' ሲላት፣ 'አንተ ክርስቶስ እንደሆንህ አምናለሁ' ያለችው ማን ናት?" ጣቷን ወደ ጥሩወርቅ ዘረጋች። "ባለ ማማሰያዋ ናት!"

እልልታው ጥዱን አነቃነቀው። እኔ እንባዬ መጣ፤ በዚህ ጊዜ በርበሬ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ስብከቱ የማንም አልነበረም። የሁሉም ሆነ። እጃቸውን ደብቀው የነበሩት አሮጊት "እንግዲያ ጌታ ያላት አትሥሪ አይደለማ፤ አትጨነቂ ነው" አሉ። ሌላዋ ተቀበለቻቸው፤ "እሷስ ምን አለች? 'እኅቴ እንድታግዘኝ ንገራት' ነው ያለች። ብቻዋን ሆና ደክሟት ነው።" ጥሩወርቅ ይህን ስትሰማ ቀስ ብላ ሳሩ ላይ ተቀመጠች። "አዎ" አለች ለራሷ በሚመስል ድምፅ። "አጋዥ ነው የጠየቀች። አጋዥ ነው እኮ።" እማሆይ አንድ ቃል ይጨምራሉ፤ ዘውድነሽ "አልገባንም እማሆይ፣ ወርቁን ይስጡን!" ትላቸዋለች፤ እማሆይ እየሳቁ ይፈቱታል። እኔ ሐሳቡ መንገድ ሲስት ዘውድነሽን እጎትትና ወዴት እንደምትመለስ እነግራታለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘውድነሽ መመለሻዋ አልጠፋትም።

ሽታው የመጣው ያን ጊዜ ነው።

"ወጡ!" አለች ጥሩወርቅ። ሴቶቹ በሙሉ ብድግ አሉ።

"ተቀመጡ።"

አለቃ ይባቤ ናቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመዋል። ወደ ሰበካ ጉባኤው ሰዎች ዞር ብለው "ሂዱ፣ ወጡን አውጡ" አሏቸው።

ሰዎቹ፣ የከበሩ ሽማግሌዎች፣ የሰሙትን ማመን አቃታቸው። "እኛ አባታችን?"

"እንግዲያ እኔ ልሂድ?"

ሄዱ። ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ ጢሱን በእጃቸው እየመከቱ፣ አንዱ "ክዳኑን በምን ነው የሚያነሡት?" እያለ ሲጮህ፣ ተመልሰው ከተቀመጡት ሴቶች አንዲት እንኳ ዳግም ከሳሩ አልተነሣችም። ትንሽ ቁነጥነጥ ብለው ነበር፤ አለቃ አዩዋቸውና ተረጋጉ።

ትምህርቱን በጸሎት ዘጋን። "አሜን" ሲባል ጥሩወርቅ አጠገቤ ነበረች። ክርኔን ያዝ አድርጋ "ዛሬ አሜን ስል መካከሉን አውቄ ነው" አለችኝ።

ምሳው አርሯል። ካህናቱ በዝምታ በሉት። አለቃ ይባቤም በልተው እጃቸውን ታጠቡና በአጠገባችን ሲያልፉ ማንንም ሳያዩ "ወጡ ቢያርም ነገሩ በስሏል" ብለው ሄዱ።

እኔና ዘውድነሽ እማሆይን አየናቸው። "ምን ማለታቸው ነው?"

እማሆይ ፊታቸው በሙሉ ሳቅ ሆኖ "ፈቅደዋል" አሉን።

ወደ ባጃጁ ሲሸኙን መንገድ ዳር አንዲት ድንጋይ ላይ አረፍ አልን። እማሆይ "አሁን ሰው የለም፤ አንዳችን ለአንዳችን እውነቱን እንናገር" አሉ። ዘውድነሽ ቀልድ ስታበዛ ቃሉ ከስር እንደሚቀር ነገሯት፤ እሷም ሳትቀልድ እሺ አለች። እኔን ሲያዩኝ "አንቺ የምታውቂው ብዙ ነው ልጄ፤ የምታውቂያቸው ግን ሰዎቹን አልነበረም" አሉኝ። ዘውድነሽም ፈራ ተባ እያለች "እማሆይ፣ እርስዎም እናቶቹ ሳይገባቸው ሲቀር ዝም ብለው አይለፏቸው" አለቻቸው። የምታስቀይማቸው መስሎኝ ነበር። እማሆይ ግን፣ "አባቴ ተማሪው እስኪፈታው ዝም በይ ይሉኝ ነበር። እነዚህ ግን ተማሪ አይደሉም፣ የደከሙ እናቶች ናቸው። ልክ ነሽ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ እንገናኛለን። ከየደብሩ የሚመጡ ሴቶች ተጨምረውልናል። አንዷ ትሰብካለች፣ ሌሎቻችን የሰሚዎቹን ፊት እናያለን። ከዚያ ቁጭ ብለን የት ላይ ፊታቸው እንደበራ፣ የት ላይ እንደጨለመ እንነግራታለን። እኔ ተራ ሰው የሚገባውን የገበያ ቃል ሁሉ ከዘውድነሽ ተበድሬያለሁ፤ እሷ ደግሞ አሁን ከመነሣቷ በፊት የት እንደምትወርድ ታስባለች። የገጠሯ ደብር እናቶችም ንግሥ ሲሆን በተራ ነው የሚያበስሉት። ወንዶቹም ያግዛሉ፤ ወጥ ግን እስካሁን ያሳርራሉ።

አንባቢዎቼ፣ በተለይ እኅቶቼ፣ የማስተማር ጸጋ ኖሯችሁ "እንደ እገሌ መናገር አልችልም" ብላችሁ የተቀመጣችሁ፤ ይህን ያወራኋችሁ ለእናንተ ነው። እኔ የሰውን ድምፅ ስሸመድድ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ። የራሴን ያገኘሁት ግን ጨርሶ በጠፋኝ ቀን ነው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ያን ዕለት ከበሩ ተመልሼ ነበር። የምትጮኽልኝ ነበረች፣ የምትጠይቀኝ ነበረች፣ የረሳሁትን የሚያስታውሱኝ ነበሩ። እናንተም እንዲህ ያሉ ሴቶች ፈልጉ። የምታመሰግናችሁን ብቻ ሳይሆን "ይቅርታ፣ መጠየቅ ይቻላል?" የምትላችሁንም።

ድምፄ ሙሉ በሙሉ ሲመለስልኝ እዚሁ ፍኖተ ሰላም በአዳራሻችን እንዳስተምር ተጋበዝሁ። ጉባኤው ሞልቶ ነበር። ቆምሁ። ግድግዳውን ተውሁና ፊታቸውን አየሁ። "ወንጌሉን ከማንበቤ በፊት ልጠይቃችሁ" አልሁ። "ዛሬ ወደዚህ ስትመጡ ልባችሁ ከምን ጋር ነው የቀረው?"

ማንም አልመለሰም። ዝምታው ረዘመ። ድሮ ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ትንፋሼ "አሜን በሉ!" ብዬ እሞላው ነበር። አሁን ጠበቅሁ።

ከኋለኛው ወንበር ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ግማሽ ብድግ አለች፤ ደግሞ ፈርታ ልትቀመጥ ሆነ። "እኔ ልናገር?" አለች ሹክሹክታ በሚመስል ድምፅ።

"ተናገሪ እናቴ" አልሁና ከመድረኩ ወርጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ።